የሚበጠስ ክር ፍለጋ

ሥራዬ ክር ማየት ነው። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመስፊያ የወጣ ሸሚዝ እየገለበጥኩ ስፌቱን በሁለት እጄ ወጠር አደርገዋለሁ። ከተበጠሰ ይመለሳል፣ ካልተበጠሰ ያልፋል። ስምንት ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ሌላ ነገር ማሰብ ይተዋል፤ ለእኔ የሚበጠስ ክር መጥፎ፣ የማይበጠስ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አለቀ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ኮሌታ ላይ የተንጠለጠለ ክር ካየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ የማላውቀውን ሰውዬ ክር ስስብ የሸሚዙ ቁልፍ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀርቷል። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

እንግዲህ አባቴ ደውሎ የዓሣ ማጥመጃ ክር እንድፈልግለት ሲጠይቀኝ፣ በሕይወቴ አንድ ዓሣ ይዤ ባላውቅም፣ በመላው ስምጥ ሸለቆ ከእኔ የተሻለ ክር መራጭ የለም ብዬ አሰብኩ። በዚያ ትዕቢቴ የተነሳ አባቴ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ሊያጣ ለጥቂት ነው የተረፈው። ጣቱ አለ፣ ከነጥፍሩ አለ፣ ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ የዚያን ሰሞን ጭንቀቴን በማንም ላይ መጫን አልፈልግም። ደግሞም ስለ ስህተቱ ዘና ብሎ ማውራት የሚችለው እፎይ ያለ ሰው ነው።

አባቴ የሚኖረው ዝዋይ ነው። ከተማዋ አሁን ባቱ ነው የምትባለው፣ እሱ ግን አፉ እንዳመጣለት ይጠራታል፤ አንዳንዴ ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም። ዕድሜውን በአዳሚ ቱሉና በዝዋይ መካከል የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እናቴ ባረፈች ጊዜ ቤቱ ጭር አለ፣ እሱም አብሮ ጭር አለ። አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ያገኘሁት “ደህና ነኝ” የምትል ቃል ብቻ ነበር። የስኳር በሽታውም ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ሐኪሞቹ “ይንቀሳቀሱ እንጂ” ሲሉት “የት ልሂድ?” ይላቸዋል። አዳማ እኔ ዘንድ ና ስለው አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ወደ ሐይቁ ሄደ።

እዚያ ወደ ውሃው ዘልቆ የገባ የድንጋይ መተላለፊያ አለ፤ አጥማጆቹ በአጭሩ “ድንጋዩ” ይሉታል። አባቴ ዘንግ የለውም። ክሩን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ላይ ይጠቀልላል፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ ደግሞ እንዲከብድ ከድሮ መኪና የተረፈ ብሎን ያስራል፣ ከዚያ ወርውሮ ክሩን በእጁ ይዞ ይቀመጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድዕቃ ለመለቃቀም ከኋላው ይሰለፋሉ፣ እሱም ዞሮ ይሰድባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ተለወጠ። “ደህና ነኝ” ቀርቶ “ዛሬ አራት ቆሮሶ ያዝኩ፣ አንዱ አመለጠኝ፣ ያመለጠኝ ነው ትልቁ” ሆነ። ሁልጊዜ ያመለጠው ነው ትልቁ። ያቺን ውሸት ለመስማት ቀኑን ሙሉ እጠብቅ ነበር።

ድንጋዩ ላይ አጠገቡ የሚቀመጡት ጎረቤቱ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእሱ ገፋ ያለ፣ ድሮ መረብ በመጠገን ይተዳደሩ የነበሩ ኦሮሞ ሽማግሌ። ረቡዕና ዓርብ አባቴ ዓሣ ይይዛል እንጂ አይበላም። በፆም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሰው ሲያነሳበት “እናቴ አልበላችም” ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የያዘው ሁሉ ለሽማግሌው ነው። እሳቸውም ሙስሊም ናቸውና “አላህ ረቡዕን ያብዛልን” እያሉ ፌስታላቸውን ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ሲቀላለዱ መዋሉ አባቴን ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ሲያቆመው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ደውሎ “ክሬ አርጅቷል፤ ትላንት አንድ አምባዛ በጥሶብኝ ሄደ። ናዝሬት ጥሩ ክር ካለ እንግዲህ… ከተመቸሽ” አለኝ። አባቴ ከሰው ነገር የሚለምን ሰው አይደለም። ያቺ “ከተመቸሽ” አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ገበያ ወጣሁ። ገመድ፣ ወንፊት፣ ጓጉንቸርና የአይጥ ወጥመድ የሚሸጡ አንዲት እናት ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ዓይነት ክር አወጡልኝ። አንዱ ናይለን ነው፤ ነጠላ፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለ። ሌላው አረንጓዴ፣ ብዙ ስስ ክሮች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው የተሠራ፣ ውፍረቱ ከስፌት ክር ብዙም የማይበልጥ።

“አባትሽ የሚያጠምዱት በዘንግ ነው ወይስ በእጃቸው?” አሉኝ።

“በእጁ ነው። ምን ልዩነት አለው?”

“የእጅ ከሆነማ፣ ልጄ…”

አላስጨረስኳቸውም። “እማማ፣ እኔ የክር ሰው ነኝ” አልኩና ሹሩባውን ወደ ብርሃን አነሳሁት። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ይሄ ድሩ ያበረ ነው።”

ሴትየዋ ለአፍታ አዩኝና “እንግዲህ የክር ሰው ከሆንሽ” ብለው መቀሳቸውን አነሱ። አውቃለሁ ያለን ሰው ምን ይሉታል።

ያም ሆኖ ሳልፈትን አልገዛም፤ የሙያ ነገር ነው። ከሁለቱም አንዳንድ ክንድ ወስጄ ቤቴ ከበሩ በላይ ካለው ምስማር ላይ አሰርኩ። አምስት ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ስሰቅልበት ናይለኑ ተለጠጠ፣ ጀሪካኑም ወደ ታች ወደ ላይ አለ። መለጠጡን እንደ ጉድለት ያዝኩበት። አስር ሊትር ሲሆን ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ወለሉ በውሃ ተጥለቀለቀ። ሹሩባው አስሩን ቻለ። ሃያውን ስሰቅልበት ምስማሩ ጎበጠ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። አንድ ነገር ግን አሁን ትዝ ይለኛል። የሹሩባውን ቋጠሮ ለማጥበቅ ስጎትት እጄን ስለከረከረኝ ፎጣ ጠቅልዬበት ነበር የሳብኩት። ፎጣውን አመጣሁ፣ ተጠቀምኩበት፣ አጥፌ መለስኩት፤ ለምን እንዳስፈለገኝ ግን አንዴም አላሰብኩም። ተመልሼ አንድ ሙሉ ጥቅል ሹሩባ ገዛሁ።

እሁድ ዕለት ይዤለት ዝዋይ ወረድኩ። አባቴን ድንጋዩ ላይ አገኘሁት። ክሩን ከጥቅሉ ክንድ ያህል መዘዘና በከንፈሮቹ መሃል አሳለፈው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ዋሽንት እንደሚነፋ ሰው።

“ምን እያደረግክ ነው?” አልኩት።

“ከንፈር አይዋሽም” አለኝ። “ሸካራ ካለው፣ የተላጠ ካለው፣ ከንፈር ያገኘዋል። ቀጭን ነው አይደል?”

“ቀጭን ነው፣ ግን ሃያ ሊትር ይሸከማል።”

“ሃያ ሊትር!” አለና ወደ ጎረቤቱ ዞረ። “ልጄ እኮ የክር ሐኪም ናት።”

ሽማግሌው ግን በከንፈሩ ይቀልዱበት ጀመር። “አባትሽ ዓሣውን በአፉ ነው የሚያጠምደው” አሉኝ። “እኛ ክር በጣት እንይዛለን፣ እሱ ከንፈሩ ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ዓሣው ስቦ ጥርሱን ይወስድለታል።” እውነትም ክሩን ጣቱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ እጁን ወደ አገጩ አስጠግቶ፣ ክሩ ታችኛው ከንፈሩን እንዲነካ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። እኔም ከሳቸው ጋር ሳቅሁ። የአጥማጅ ብልሃት መሰለኝ። አዲሱን ክር ፕላስቲኩ ላይ አብረን ጠቀለልን፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ አዳማ ተመለስኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የአባቴ ስልክ እንደገና ወደ “ደህና ነኝ” ተመልሶ ነበር። ስንት ያዝክ ስለው “ነፋስ ነው” ይላል። ዝዋይ መቼም ነፋስ አያጣትም ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። ሽማግሌው ናቸው።

“አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ? ደህና ነሽ ልጄ? ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ አትደንግጪ” አሉኝ። አትደንግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው አላውቅም። “አባትሽ ጣቱን ክሩ ቆርጦታል። ስድስት ቀን ሆነው። በጨርቅ ጠቅልሎ ደብቆታል፣ ድንጋዩ ላይም መምጣት ትቷል። ታከም ብለው ብሠራው እምቢ አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቶሎ ነይ።”

ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ዝዋይ፤ ያ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። መቂ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመሙላት ሲቆም ሹፌሩ ላይ ጮህኩበት፣ እሱም ጮኸብኝ፣ ተሳፋሪው ገብቶ አስታረቀን። ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ ስኳር ያለበት አጎት ነበራት። እግሩን እሾህ ወጋው፤ ስላላመመው አልታከመም፤ በሁለት ወሩ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆረጠ። የስኳር ሰው ላይ ትንሽ ቁስል የሚባል ነገር የለም። ያን እያሰብኩ የማየው የራሴን እጅ ነበር፤ ያን ክር ወደ ብርሃን ያነሳውን እጅ። በራሴ ተናደድኩ፣ በአባቴ ተናደድኩ፣ በዓሣውም ጭምር። እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ወሰንኩ። ዓሣ ማጥመድ አበቃ፤ ይዤው ወደ አዳማ እመለሳለሁ፣ ከዓይኔም አይርቅም።

አባቴ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። በግራው ሰላም አለኝ።

“እጅህን አሳየኝ።”

“ለዚህ ነው ሥራ ጥለሽ የመጣሽው? ምንም አይደለም።”

“አባዬ፣ እጅህን።”

ጨርቁን ስፈታው ሽታው ቀደመኝ። ሌባ ጣቱ አብጦ ሁለት ጣት ያክላል፣ ዙሪያውን ደግሞ ክሩ እንደ ቀለበት ቆርጦ የገባበት መስመር አለ። “ያምሃል?” አልኩት። “ኧረ ምንም አያመኝም” አለ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። ለአንድ አፍታ እኔም እንደ ምሥራች ሰማሁት። ከዚያ እንዲህ ያለ ቁስል የማያም ከሆነ ነገሩ የባሰ መሆኑ ገባኝና ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ።

እንዴት እንደሆነ የነገረኝ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ትልቅ አምባዛ ነበር፤ ክሩን ይዞ ወደ ጥልቁ ሄደ፣ አባቴም አልለቅም አለ። በድሮው ክር ቢሆን ተበጥሶ ይገላገሉ ነበር። ይሄኛው አልተበጠሰም። “አወጣሁት እኮ” አለኝ፤ እዚያ ደርሶ እንኳ ኩራቱ አልቀረም። “ደሙን ሳይ የዓሣው ነበር የመሰለኝ።”

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ፣ እጇ ግን ፈጣን። ቁስሉን አጠበች፣ ስኳሩን ለካች፣ አጥንቱ ተነክቶ እንደሆነ ለማየት ራጅ አዘዘች። “መግሉ አጥንቱ ውስጥ ከገባ ጣቱን ማትረፍ ይከብደናል” አለችን። ተነስተን ራጅ ተነሳን፣ ተመለስን፣ ውጤቱ እስኪደርስ ከፊቷ ተቀመጥን። በዚያ መሃል ከኪሷ አንድ ትንሽ ነገር አወጣች፤ አጭር እጀታ፣ ጫፉ ላይ ከስፒል የማይረዝም ክር የተተከለበት። ሙያዬ ነውና ወዲያው አወቅሁት። ናይለን ነው። ያ ጀሪካኑን አልቻለም ብዬ የጣልኩት ናይለን።

“ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ” አለችው። “በዚህ ስነካዎት ‘አዎ’ ይበሉኝ።”

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። የጣቱን ጫፍ ነካችው፣ ዝም አለ። ሌላውን ነካችው፣ ዝም አለ። ምንም ሳትነካው “አዎ” አለ። እጇን አንስታ ጠበቀች። “አዎ” አለ እንደገና፣ ረጋ ብሎ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “አዎ”። እኔና ሐኪሟ ተያየን። አባቴ ምንም እየተሰማው አልነበረም፤ አሁን ሳትነካኝ አትቀርም እያለ እየገመተ ነበር፣ ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኖ፣ ፈተና እንዳይወድቅ እንደፈራ ተማሪ።

ያኔ ነው ከንፈሩ ትዝ ያለኝ። “ዶክተር፣ እባክዎ ከንፈሩን ይንኩት” አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን የክሩን ጫፍ በአልኮል ጠርጋ ታችኛው ከንፈሩን ነካ አደረገችው።

“ናይለን ነው” አለ አባቴ ወዲያው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። “ያውም ወፈር ያለው።”

ሐኪሟ ሳቀች። የእኔ ሳቅና እንባ እኩል መጣ። ለካ የአጥማጅ ብልሃት አልነበረም። ጣቶቹ ስለደነዙበት ዓሣው መንጠቆውን ሲነካ በከንፈሩ ነበር የሚያዳምጠው። ክሩን ሁለት ዙር የሚጠመጥመውም እንዳያመልጠው ነው፤ ይያዘው አይያዘው በጣቱ ማወቅ አይችልማ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኩት።

“ሁለት ዓመት ይሆነዋል።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

ዓይኑን ገለጠና ወለሉን አየ። “ከድንጋዩ ታስነሺኛለሽ ብዬ ነዋ” አለ። “ከዚያ ከተነሳሁ የት እቀመጣለሁ?”

መቂ ላይ የወሰንኩት እሱኑ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራው ነገር እኔ ራሴ ነበርኩ።

ራጁ ደረሰ። ሐኪሟ አየችው፣ ጠጋ ብላ እንደገና አየችው። እኔ የማየው የሷን ፊት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሰፊዎቹ ሸሚዛቸውን ስገለብጥ ፊቴን እያዩ ሲጠብቁኝ ምን እንደሚሰማቸው ያን ቀን አወቅሁ።

“አጥንቱ ደህና ነው” አለች። “ጣቱ አይቆረጥም። ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሌላ ነበር የምነግራችሁ።”

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተዘረፈጥኩ። “ተመስገን፣ ተመስገን” አልኩ። አጠገቤ የነበሩ የማላውቃቸው ሴትዮ ምን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁኝ “ተመስገን ነው እንጂ” ብለው አብረውኝ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶ ሄደ፤ ያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። ራበኝ እንኳ።

ተመልሼ ስገባ እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሟ ስለ መድኃኒቱ አስረድታ ስትጨርስ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና “ታዲያ… ሐይቁስ?” አለ። ጥያቄው ለሷ ነው፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

“ይሂድ” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ። “ሲድን ይሂድ።”

“መሄዱ ለስኳሩም ደግ ነው” አለች። “እኔ የምከለክለው ያን ክር ነው። ደግሞ ጣትዎ ላይ አይጠምጥሙ፤ ማታ ማታም እጅዎንም እግርዎንም በዓይንዎ ይዩ። ጣትዎ ስለማይነግርዎ ዓይንዎ ይንገርዎ።”

ከመውጣታችን በፊት ስለዚያች ትንሽ ናይለን ጠየቅኋት፤ ሳልጠይቅ ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስትጫነው ከልኩ በላይ እንደማይገፋ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ እንደሚጎብጥ አሳየችኝ። “ጉልበት ሲበዛበት እሱ ነው የሚታጠፈው፣ ሰውየው አይጎዳም” አለችኝ። እስከ ዝዋይ መናኸሪያ ድረስ እሱን ሳስብ ሄድኩ።

አባቴ ቁስሉ እስኪድን አምስት ሳምንት አዳማ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ቁስሉ ጤና ጣቢያ ይታጠባል፣ ስኳሩ ይለካል፣ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ባጃጅ ይቆጥራል። “ናዝሬት ደህና ከተማ ነው፣ ውሃ የለውም እንጂ” ይለኛል በየቀኑ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ጣቱ ላይ ነጭ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ቀርቶ አየን። ጣቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። እኔ እስኪሰለቸው ድረስ አሳጠፍኩት።

ያን ቅዳሜ አብረን ክር ወደሸጡልኝ እማማ ሱቅ ሄድን። አልረሱኝም።

“የክር ሰው!” አሉኝ።

“እማማ፣ ያን ቀን አላስጨረስኩዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእጁ ነው የሚያጠምደው። ምን ሊሉኝ ነበር?”

የአባቴን ጠባሳ አዩት። ብዙ አልጠየቁም። “የእጅ ከሆነ ናይለን ነው ልልሽ ነበር” አሉ። “እሱ ይለጠጣል፣ እጅ ላይ ይራራል። ያኛው ለዘንግና ለመዘውር ነው፤ እጅ አያውቅም።” ከዚያ ሦስት ዓይነት ናይለን አወጡልኝ፤ ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራም። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆረጡልኝ። ስንወጣ ከጎናቸው ካለችው አትክልት ሻጭ ካሮት ገዛሁ፤ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ የአባቴን ጣት የሚያክለውን እየመረጥኩ። ልጅቷ ለወጥ ነው ብላ “ትልልቁን ውሰጂ እንጂ” አለችኝ።

ቤት ስንደርስ አባቴን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና የጎበጠውን ምስማር አቃናሁ። ካሮቱን በጨርቅ አስሬ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ክሩን እሱ እንደሚያደርገው ሁለት ዙር ጠመጠምኩበት፣ ከታች ጀሪካኑን አንጠለጠልኩ። መጀመሪያ ሹሩባውን፣ ያንኑ የእኔን ምርጥ። አስር ሊትሩን ገና ስለቀው ካሮቱ ለሁለት ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ክሩ አልተነካም። አባቴ ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ከዚያ ናይለኖቹን ሞከርን። ወፍራሙ ሁሉንም ቻለ፣ ግን ካሮቱ ላይ ውስጡን ሰርስሮ ገባ። ቀጭኑ አምስት ሊትሩን እንኳ አልያዘም፤ እሱን አባቴ “ይሄማ ለቆሮሶም አይሆን” ብሎ ናቀው። መካከለኛው አምስቱን ያዘ፣ ተለጠጠ፣ ስጨምርበት ትንሽ ታገሰና ጧ አለ። ካሮቱን አነሳሁት። ልጣጩ ላይ ስስ መስመር ብቻ ነበረበት። አባቴ ተቀብሎኝ በከንፈሩ ዳሰሰው።

“አልቆረጠውም” አለ።

“ይሄ ነው” አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ የተበጠሰውን ስጥል ኖሬ፣ ወለሉን በውሃ ያጥለቀለቀውን ክር ይዤ እንዲያ ደስ ይለኛል ብሎ ማን ያምናል። ከጣቱ በፊት የሚበጠስ ክር ነበር የፈለግሁት፣ አገኘሁት። ያን ቀን ራታችን የካሮት ወጥ ሆነ።

አባቴ የመካከለኛውን ናይለን ሙሉ ጥቅል ይዞ ዝዋይ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ውስጥ ሳለሁ ደወለ። ገና ሃሎ ሳልል ጮኸብኝ።

“ያ ክርሽ ተበጠሰ! እንዲህ የሚያህል አምባዛ፣ እንዲህ የሚያህል፣ ድንጋዩ ጋ አድርሼው ነበር። ጧ አለና ከነመንጠቆው፣ ከነብሎኔ ሄደ! ይሄም ክር ነው? አንቺም የክር ሰው ነኝ ትያለሽ!”

“ጣትህስ?” አልኩት።

ጣቶቹን እያያቸው እንደሆነ ገባኝ፤ ሐኪሟ እንዳዘዘችው፣ በዓይኑ፣ አንድ በአንድ። ከኋላው ሽማግሌው “ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…” እያሉ ሲቆጥሩለት ይሰማኛል። ቆጠራው ረዘመብኝ።

“አስሩም አሉ” አለ አባቴ።

እልል አልኩ። አስቤው አይደለም፣ ከአፌ ወጣ። አዳራሹ በሙሉ ማንኪያውን ይዞ ዞረ። አለቃዬ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ብድግ ብላ “ምን ተገኘ?” አለችኝ።

“ክር ተበጠሰ” አልኳት።